ያልተመዘገበው መዋጮ፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና



በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይሰበሰብና ይቃጠላል። ጭሱ ከተማውን ይሸፍናል፤ ዓይን ይለበልባል፤ ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይሯሯጣሉ። "ኅዳር ሲታጠን" እንላለን። ለምን እንደሚታጠን ስንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን "በሽታ እንዳይገባ ነው" ከማለት አናልፍም። ልማዱ የሚያስታውሰው ከመቶ ዓመት በፊት አገራችንን የመታ አንድ ወረርሽኝ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ዘመንና ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁለት ክፉ ጊዜያት እያነሣን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። በሽታ አገር ሲያዳርስ በየመንደሩ ማን ለማን ደረሰ? የደረሰውስ ሰው የት ተጻፈ?

ጥያቄው ለታሪክ ብቻ አይደለም። እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ለአባላትና ለለጋሾች ሪፖርት እናቀርባለን። በሪፖርቱ ላይ እያንዳንዱ ብር መግቢያና መውጫው ይታያል። በክፉ ቀን የማኅበሩን ሥራ የሠራው ጉልበት ግን ደረሰኝ ስለሌለው አይታይም። ታሪኩን የምናነሣው ለዚህ ነው።

የ1911 ዓ.ም. ኅዳር

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። ዓለም የሰላም ደወል በሚደውልበት በዚያው ወር አዲስ አበባ ሙታኗን ትቀብር ነበር። አውሮፓውያን "የስፔን ጉንፋን" ያሉት ኢንፍሉዌንዛ እኛ አገር በበረታበት ወር ስም ተጠርቶ "የኅዳር በሽታ" ተባለ። በዓለም ዙሪያ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይዞ 50 ሚሊዮን ያህል እንደገደለ ይገመታል። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው እስከ 10,000 እንደሚደርስ የዘመኑን መረጃ የሰበሰቡ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ለዚያን ጊዜዋ ትንሽ ከተማ ይህ የማይቻል ሸክም ነበር።

ስለ በሽታው የምናውቀው ጽፈው ያቆዩልን ሰዎች ስላሉ ነው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዘመኑን ሁኔታ በትዝታ መጽሐፋቸው አስፍረዋል። በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል፤ በኋላም "ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ" በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህንኑ አስታውሰዋል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ ኅዳር በሽታ ራሱን የቻለ ጥናት አዘጋጅተዋል። ከእነዚህ ጽሑፎች የታመሙትን መኳንንት፣ የሞቱትን ሰዎች ግምት፣ የቀብሩን ችግርና የሐኪሙን ማነስ እንረዳለን።

ማን ውኃ እንዳቀበለ ግን ብዙም አናገኝም። ውኃውም ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ቫይረስ ገና አልታወቀም፤ ፔኒሲሊን የተገኘውም ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ሐኪም ቢገኝ እንኳ በሽታውን የሚያድን መድኃኒት በእጁ አልነበረም። የታመመ ሰው የነበረው ተስፋ ትኩሳቱ እስኪበርድ ውኃ የሚያጠጣው፣ አጥሚት የሚያቀምሰው፣ የሚያለብሰውና ቤቱን የሚያሞቅለት ሰው ማግኘት ነበር። ሕክምናው አስታማሚው ነበር ማለት ነው።

የዚህ በሽታ ክፋት ደግሞ አስታማሚውን ራሱን መጣሉ ነው። ሌላ ጊዜ ጉንፋን የሚበረታው በሽማግሌና በሕፃን ላይ ነው። የ1911ዱ ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶች አብዝቶ ገደለ። ይህ ዕድሜ የሚያርሱ፣ የሚነግዱ፣ የሚያጠቡና የሚፈጩ ሰዎች ዕድሜ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሕዝብ ውኃ የሚያገኘው ከወንዝና ከምንጭ ነበር፤ ውኃ መቅዳትም በአብዛኛው የሴት ሥራ ነበር። እንስራ የምትሸከመው ሴት ከወደቀች ቤቱ በሙሉ ይጠማል። በሽታው ያልገደለውን ጥማትና ረኃብ ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ባለው ቤት ሰው ከተረፈ፣ ከሌላ ቤት እንስራ ተሸክማ የገባች አንዲት ሴት ነበረች ብሎ ማሰብ ስሕተት አይሆንም። ስሟን ግን የጻፈ የለም።

እድር የያዘው መዝገብ

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት በከተሞቻችን እድር ተስፋፋ። ስለ አጀማመሩ አጥኚዎች የተለያየ ሐሳብ አላቸው። የሚበዙት ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ዘመድ በሌለበት ከተማ ሞት ቢደርስባቸው የሚቀብራቸው እንዳያጡ ያቋቋሙት ነው ይላሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ደግሞ በስፋት እንደተዛመተ ይነገራል። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚለው አባባል ደንብና መዝገብ ያገኘው በእድር ነው።

እድርን ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምናስበው ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ለለቅሶ የሚሰጠውን ገንዘብ ነው። ሁለት ነገሮች ግን ከዚህ በላይ ሊታዩ ይገባል።

አንደኛው ወሬው ነው። በእድር ሥርዓት ሞት ሲደርስ ዜናው በአጋጣሚ አይደርስም። ለፋፊ አለ፤ በማለዳ ጥሩምባ ይነፋል፤ የማን ቤት እንደሆነና ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም በየመንገዱ ይነግራል። "አልሰማሁም" ማለት እንዳይቻል ተደርጎ የተሠራ ሥርዓት ነው። ስልክ ባልነበረበት ዘመን አንድ ሰፈር በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ወሬ በሙሉ እንዲሰማ የሚያደርግ ሌላ መንገድ ብዙ አልነበረም።

ሁለተኛው ስም መጥራቱ ነው። በብዙ እድሮች ቀብር ላይ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ለመትከልና ለመንቀል፣ ለቀስተኛ ለማስተናገድ፣ ሌሊት ለማደር ተራ ይወጣል፤ ተራው ደርሶ የቀረም እንዲሁ ይቀጣል። ይህን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ስናየው ትልቅ ነገር ነው። እድር የአባሉን ብር ብቻ አልመዘገበም፤ የአባሉን ጊዜና ጉልበት መዝግቧል። መገኘት ራሱ መዋጮ ነው፤ አለመገኘትም ዕዳ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን የጉልበትን ዋጋ ለማወቅ የሒሳብ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለጋቸውም።

እድር ሕያዋንን ሲያስብ

ለረጅም ጊዜ የእድር ደንብ የሚጀምረው ከሞት በኋላ ነበር። ይህን የለወጠው ኤች አይ ቪ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ታወቁ። በ1990ዎቹ በየሰፈሩ የለቅሶ ድንኳን የማይተከልበት ሳምንት ጠፋ። የእድር ካዝና ተራቆተ፤ የሚሞቱት ወጣቶች ነበሩና ከፋዩ ራሱ እያለቀ ሄደ። ብዙ እድሮች የዚያን ጊዜ ቆም ብለው አሰቡ። ሰው ከሞተ በኋላ ከምናወጣ በሕይወት እያለ ብንረዳውስ አሉ። ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን መርዳት፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ማሳደግና ስለ በሽታው ማስተማር ጀመሩ።

በዚያው ዘመን የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚባለው ሥራ ተስፋፋ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለብዙው ሕመምተኛ የነበረው፣ ልክ እንደ 1911ዱ፣ አስታማሚ ብቻ ነበር። ጎረቤት እየዞሩ ገላ ያጠቡ፣ አንሶላ ያጠቡ፣ ያበሉና ወደ ጤና ጣቢያ ደግፈው የወሰዱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

ይህ ዘመን ስለ ወሬ አንድ ከባድ ትምህርት ትቶልናል። የእድር ጥሩምባ የሞተን ሰው ስም በአደባባይ ቢጠራ ማንንም አይጎዳም። የታመመን ሰው ስም በአደባባይ መጥራት ግን ቤት ያፈርሳል። ኤች አይ ቪ አለበት የተባለ ሰው ከተከራየበት ይባረር፣ ልጆቹም ይገለሉ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ተደብቀው ታመሙ፤ ተደብቀውም ሞቱ። ሐሜት የሰውየውን ስምና በሽታ ይዞ ይዞራል። የሚረዳ ወሬ ግን የጎደለውን ነገር ብቻ ይዞ ይሄዳል። "እከሌ ይህ በሽታ ይዞታል" በማለትና "እዚያ ቤት ውኃ የሚቀዳ የለም" በማለት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። የቤት ለቤት ተንከባካቢዎቹ ይህን ልዩነት ጠብቀው ነው የሠሩት።

መሰብሰብ የተከለከለበት ዓመት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ተመዘገበ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ሆነ።

ይህ በሽታ የመጣው በእኛ ዋና መሣሪያ ላይ ነው ማለት ይቻላል። የሰፈር ሴቶች ወሬ የምንለዋወጠው በቡና ላይ፣ በጽዋ ማኅበር፣ በእድርና በእቁብ ስብሰባ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ ነው። ቡና ስንጠጣ ማን እንዳልመጣች እናያለን፤ ካልመጣች ደግሞ ሰው እንልካለን። አንዲት ጎረቤት የምትታወቀው በመቅረቷ ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን ሁሉም ቀረ። ሁሉም በቀረበት ጊዜ የታመመችዋንና የተራበችዋን ለይቶ ማወቅ አልተቻለም።

ስለዚህ በየመንደሩ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት። በእኛም ማኅበር ወርኃዊው ስብሰባ ሲቋረጥ አባላት በሚቀራረቡበት ሰፈር ተከፋፈልን። እያንዳንዷ ስልክ ያላት አባል ለጥቂት ቤቶች እንድትደውል፣ ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በር ላይ ቆማ ከርቀት እንድትጠይቅ ተስማማን። ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። እህል አለ ወይ? ውኃ አለ ወይ? የሚታመም ሰው አለ ወይ? የሰማነውን ለአስተባባሪዎቻችን እንነግራለን፤ በሽታ ከተጠረጠረ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትነገራለች። መንግሥትም በበኩሉ በ8335 ነፃ ስልክ ጥቆማ ይቀበል ነበር። ስልክ ስንደውል ከጥሪው ድምፅ ይልቅ ስለ እጅ መታጠብ የሚነገረውን መልእክት እንሰማ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ካነሣን አይቀር ባለውለታነታቸውን መመስከር ይገባል። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ ሲሆን በገጠር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞችን ይመድባል። በመላ አገሪቱ ከ30,000 በላይ ሆነዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ኮሮና ሲመጣ ቤቱን በር በበር የሚያውቅ ሰው በየቀበሌው የተገኘው በእነርሱ ምክንያት ነው። እነርሱ ግን ደመወዝተኞች ናቸው፤ ሥራቸውም ሪፖርት ይደረጋል። ከጎናቸው ሆነው በር ያንኳኩት ጎረቤቶች ሥራ ነው የማይታየው።

የዚያን ሰሞን የሆነውን እናስታውስ። በየግቢው በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ። ጀሪካኑን በየቀኑ የሚሞላ ሰው ነበረ። የልብስ ስፌት መኪና ያላቸው ሴቶች ከጨርቅ ማስክ ሰፉ። ማዕድ ማጋራት በሚል ዱቄት፣ ዘይትና ፓስታ ተሰበሰበ፤ ያንን የሚያሽግና ወደ የቤቱ የሚያደርስ ሰው ነበረ። አንዳንድ አከራዮች የቤት ኪራይ ማሩ ወይም ቀነሱ። ከሳዑዲ ዓረቢያ ተገደው የተመለሱ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በለይቶ ማቆያ ቆይተው ወደየመንደራቸው ሲገቡ "በሽታ ይዘው መጡ" ከሚል ሐሜት የጠበቋቸውና ቡና አፍልተው የተቀበሏቸው ጎረቤቶች ነበሩ። በልጅ የውጭ አገር ገቢ ይኖሩ የነበሩ እናቶች ገንዘቡ ሲቋረጥ የሚበደሩት ጎረቤት ያስፈልጋቸው ነበር።

በወረርሽኙ በአገራችን ከ7,500 በላይ ሰው መሞቱ በይፋ ተመዝግቧል። የክትባት ዘመቻው የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ልክ በዓመቱ። ክትባቱ እስኪመጣ ድረስ ባለው ዓመት፣ ከሆስፒታል ውጭ የነበረውን ሸክም የተሸከመው መንደሩ ነው።

በጎ ፈቃድ ነፃ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። "በነፃ ተሠራ" የምንለው ሥራ ለተቀባዩ ነው እንጂ ለሠሪዋ ነፃ አይደለም። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ አባላችን ለጎረቤት ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ጉልቷን ከዘጋች የግማሽ ቀን ገቢዋን ሰጥታለች። ለአምስት ቤት የምትደውለው አባል የስልክ ካርዱን ከኪሷ ገዝታለች። ጀሪካን የምትሞላዋ ሳሙናውንም ራሷ ገዝታ ይሆናል። ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ ይህ ወጪ የሚያርፈው ገቢዋ በቀነሰባት ሴት ላይ ነው። ያላት ሳይሆን ቅርብ የሆነችው ናት የምትከፍለው።

ይህ ሳይመዘገብ ሲቀር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ሸክሙ ሁልጊዜ በዚያችው ሴት ላይ ይወድቃል፤ ተራ ለማውጣት ማን ምን ያህል እንደሠራ መታወቅ አለበትና። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የምንለው ሎሚው ተቆጥሮ ከተካፈለ ነው። ሁለተኛ፣ ለጋሽ አካል ሪፖርታችንን ሲያነብ ሥራው ሁሉ በተላከው ገንዘብ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። በሚቀጥለው በጀት ለሳሙና፣ ለትራንስፖርትና ለስልክ ካርድ የሚሆን ገንዘብ ስንጠይቅ "እስከ አሁን ያለዚህ ሠርታችሁ የለም ወይ?" ብንባል የምናሳየው ወረቀት ያስፈልገናል።

ስለዚህ ከእድር መዝገብ ተምረን አንድ ደብተር እንድንከፍት ሐሳብ እናቀርባለን። አምስት ዓምድ ይበቃዋል። ቀኑ፣ የሠራችው አባል ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ የወሰደው ሰዓት፣ ከኪሷ ያወጣችው ገንዘብ። የተረዳው ሰው ስምና የበሽታው ዓይነት በደብተሩ ላይ አይጻፍም፤ ከኤች አይ ቪ ዘመን የተማርነው ይህን ነው። መጻፍ የማትችል አባል በቃል ትናገራለች፤ የቡድኗ ጸሐፊ ትጽፍላታለች። በዓመቱ መጨረሻ ሰዓቱ ተደምሮ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይተመናል። ይህ ግምት ከጥሬ ገንዘብ ገቢ ጋር አይደመርም፤ የባንክ ሒሳባችንንም አይነካም። በሪፖርቱ ላይ ለብቻው "የአባላት የጉልበት መዋጮ" ተብሎ ይቀመጣል። ከኪስ የወጣው ገንዘብ ግን ደረሰኝ ሲኖረው በደረሰኝ፣ ሳይኖረው በቡድኗ ምስክርነት፣ የበጀት አቅም በፈቀደ መጠን ለአባሏ እንዲተካ እንጠይቃለን።

የምናውቃቸው አንዳንድ እናቶች "ለጽድቅ የተሠራ ሥራ አይቆጠርም" ይሉናል። ንግግራቸውን እናከብራለን። ደብተሩ ግን ጽድቃቸውን ለመለካት አይደለም። ሸክሙ እንዲከፋፈል፣ የኪሳቸው እንዲተካና ከእኛ በኋላ የሚመጡት ክፉ ቀን እንዴት እንደታለፈ እንዲያውቁ ነው። የሞቱ ሰዎች ቁጥር ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎልናል፤ ያስታመሙት ግን አልተጻፉልንም።

ደብተሩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለውይይት ይቀርባል። አባላት በየቡድናችሁ ተወያይታችሁ የሚጨመርና የሚቀነስ ካለ እንድትነግሩን፣ ደጋፊዎቻችንም ለአነስተኛ የበጎ ፈቃድ ወጪዎች የሚሆን መስመር በበጀታችን ላይ እንዲከፈት እንድታስቡበት በአክብሮት እንጠይቃለን።

ጤናና ሰላም ለሁላችን ይሁን።